እጅ የበላው ድንጋይ

(በአንድ የጥበብ ወዳጆች ምሽት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጤና ይስጥልኝ። ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

መግቢያ አላበዛም። በቀጥታ ወደ አንድ ድንጋይ ልውሰዳችሁ።

ድንጋዩ ያለው ጣልያን አገር፣ ፖምፔ ውስጥ ነው። ፖምፔን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ በ79 ዓ.ም. ቬሱቪየስ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በአመድና በጠጠር የቀበራት ከተማ ናት። በመንገዶቿ ዳር ዛሬ ቦኖ የምንለው ዓይነት የሕዝብ ውሃ መቅጃ አለ። ትልልቅ ድንጋዮች ተገጣጥመው የተሠራ ገንዳ ነው፤ አናቱ ላይ ውሃ የሚወርድበት አፍ ያለው ቋሚ ድንጋይ ቆሟል። በቃ ይኸው ነው። አልፎ ሂያጅ ሁለተኛ ዞሮ አያየውም።

ግን ጠጋ ብላችሁ የገንዳውን ከንፈር እዩት። ከውሃው መውረጃ አጠገብ ድንጋዩ ስርጉድ ብሏል። ልስልስ ብሎ ተበልቷል። ውሃ ሊጠጣ የመጣ ሰው ጎንበስ ሲል አንድ እጁን እዚያ ላይ ያስደግፋል። አንዱ ተደገፈ። ሌላው ተደገፈ። ልጁም፣ ባሪያውም፣ ነጋዴውም፣ ከገበያ የምትመለሰዋም እዚያው ቦታ ላይ ተደገፉ። የሰው መዳፍ ለስላሳ ነገር ነው፤ ግን ዓመት ከዓመት ሲመላለስበት ድንጋይ ይበላል።

እንግዲህ እጃችሁን እዚያ ስርጉድ ላይ አሳረፋችሁት እንበል። ልክክ ይላል። ሳታስቡት ወገባችሁ ጎንበስ ማለት ይጀምራል፤ አንገታችሁ ወደ ውሃው መውረጃ ዞር ይላል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የኖረ፣ ስሙን የማታውቁት ሰው ውሃ ሲጠጣ የነበረበትን አቋም ሰውነታችሁ በራሱ ያዘ ማለት ነው። ውሃው ግን የለም። ሰውየውም የለም። ልብ እንግዲህ እዚያ ላይ ነው ቀጥ የሚለው።

እኔ እንዲህ ያለውን ነገር መጀመሪያ ያስተዋልኩት አንድ አሮጌ የድንጋይ ደረጃ ላይ ነው። እያንዳንዱ እርከን ላይ ሁለት ስርጉድ ነበረ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ወጪና ወራጅ እንዳይጋጩ ጥግ ጥጋቸውን ይዘው ስለሄዱ ነው። መሀሉ ከፍ እንዳለ ቀርቷል። እዚያ ቆሜ ሰው እየወጣ፣ ሰው እየወረደ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተላለፈ ታየኝ። ማንም አልነበረም። ግን ጥግ ይዤ ወጣሁ፤ ለማን መንገድ እንደለቀቅኩ እንጃ።

ከዚያ ወዲህ ሳሰላስለው የቆየሁት አንድ ነገር ነው፤ ዛሬም የመጣሁት እሱን ልነግራችሁ ነው። አሮጌ ቦታ ሲነካን ብዙውን ጊዜ «ውበቱ ነው» እንላለን፤ ወይም «ዕድሜው ነው» እንላለን። እኔ ግን የሚነካን ጎደሎው ይመስለኛል። ቦታው የሰው ልክ ያለው ባዶ ስፍራ ትቶልናል። እናም ዓይናችን ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም፤ ሊሞላው ይፈልጋል። ግጥሙም፣ ሥዕሉም፣ ዜማውም የሚነሳው ከዚያ ፍላጎት ነው።

ይህንን እንዲሁ ለንግግር ማሳመሪያ ያመጣሁት እንዳይመስላችሁ። እዚያው ፖምፔ ውስጥ በዓይን የታየ ነገር ነው። የሞቱት ሰዎች አመድ ውስጥ ተቀብረው ቀሩ፤ አመዱ ዙሪያቸውን ጠነከረ፤ ሥጋቸው ግን በጊዜ ብዛት ጠፋ። ስለዚህ አመዱ ውስጥ ባዶ ጉድጓዶች ቀሩ። ቆፋሪዎች መሣሪያቸው ድንገት ሲሰርግ ባዶ ቦታ ያገኛሉ፤ አጥንት ያወጣሉ፤ ያልፋሉ። በ1863 የቁፋሮው ኃላፊ የነበረው ጁሴፔ ፊዮሬሊ ግን «ቆይ አትንኩት» አሰኘ። ጄሶ በውሃ ተበጥብጦ በቀዳዳው እንዲፈስ አደረገ። እስኪደርቅ ተጠበቀ። ከዚያ ዙሪያውን ያለው አመድ ቀስ ተብሎ ተፈረፈረ።

ሰው ወጣ። የልብሱ እጥፋት ሳይቀር ያለ፣ ክንዱን ፊቱ ላይ ያደረገ ሰው።

እስቲ አስቡት። የዚያን ሰው ቅርጽ ያቆየው አለመኖሩ ነው። ፊዮሬሊ ያደረገው ባዶውን ማክበር ነው፤ ከዚያ አንድ ነገር አፈሰሰበት። እኔ ግጥም ለመጻፍ ስቀመጥ ብዙ ጊዜ ይህ ነገር ትዝ ይለኛል። ቃል ጄሶ ነው። ባዶው ቦታ ከሌለ የምታፈሱት ነገር መሬት ላይ ይቀራል።

አሁን አንድ ጥያቄ ይመጣል። ቦታ ለምን? የድሮ ዕቃም አለ፣ የድሮ ደብዳቤም አለ፤ ቦታ ግን ለምን እንዲህ ሆድን ያላውሳል?

ስለ ገጣሚው ሲሞኒደስ የሚነገር አንድ የግሪኮች ታሪክ አለ። ጽፎ ካቆዩልን አንዱ ሮማዊው ሲሴሮ ነው። ሲሞኒደስ አንድ ባለጸጋ ቤት ግብዣ ላይ ግጥም ያቀርባል። ከዚያ «ሁለት ወጣቶች ደጅ ይፈልጉሃል» ይሉታል፤ ይወጣል። ደጅ ላይ ማንም የለም። እሱ እንደወጣ የአዳራሹ ጣሪያ ይናድና ተጋባዦቹን በሙሉ ይጨርሳል። ዘመዶቻቸው ሊቀብሩ ይመጣሉ፤ ግን ሬሳዎቹ ከመጨፍለቃቸው የተነሳ ማን ማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ያን ጊዜ ገጣሚው ፍርስራሹ ፊት ቆሞ አንድ በአንድ ይናገር ጀመር። እዚህ የተቀመጠው እገሌ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ እገሌ። ፊታቸውን ቢያጣውም ቦታቸውን አልረሳም። እንደ ታሪኩ፣ ነገርን በቦታ እያሰቡ የማስታወስ ዘዴ የተወለደው ከዚያ ነው።

አፈ ታሪክ ነው በሉት፤ ግን የአእምሮ ተመራማሪዎች በኋላ ያገኙት ነገር ከዚህ አይርቅም። በ1971 ጆን ኦኪፍና አብሮት የሚሠራው ባልደረባው አይጥ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ የሚነቁ የአንጎል ሕዋሳት እንዳሉ አሳዩ። ኦኪፍ በ2014 ከሜይ ብሪት ሞዘርና ከኤድቫርድ ሞዘር ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ሕዋሳቱ ያሉት ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ይህ ክፍል ደግሞ ያለፍንበትን ነገር ለማስታወስ የምንጠቀምበት ያው ራሱ ነው። «የት ነኝ?» እና «ምን ሆኖ ነበር?» አንድ ቤት ውስጥ ያድራሉ ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ የድሮ ትምህርት ቤታችሁን በር ስትረግጡ ከመቼው የአንድ ጓደኛችሁ ሳቅ ጆሯችሁ ላይ እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። ትዝታውን እናንተ አልፈለጋችሁትም፤ ቦታው ነው የጠራው።

በነገራችን ላይ «ኖስታልጂያ» የሚለውን ቃል በ1688 የፈጠረው ዮሃነስ ሆፈር የሚባል የስዊስ የሕክምና ተማሪ ነው። ከግሪክኛ ሁለት ቃላት ገጠመ፤ አንዱ ወደ አገር መመለስ፣ ሌላው ሕመም ማለት ነው። እንደ በሽታ ነበር የጻፈበት። አማርኛ ግን «ትዝታ» ሲል ሕመሙንም ጣዕሙንም አንድ ላይ ይዞ ነው። ይህ ቃል ስላለን ደስ ይለኛል።

ይህ ስለራሳችን የድሮ ቦታ ነው። ያልኖርንበት ቦታስ? የማናውቀው ሰው የኖረበት፣ የሞተበት ቦታ ለምን ያስለቅሰናል? መልሱ እዚያ የውሃ ገንዳ ላይ ያለ ይመስለኛል። የዚያ ሰው ትዝታ የለንም፤ ሰውነቱ ግን አለን። መደገፍ እናውቃለን። መጠማት እናውቃለን። ስለዚህ የእሱን ባዶ ቦታ በራሳችን ትዝታ እንሞላዋለን። ለዚህ ነው ሁለት ሰዎች አንድ ፍርስራሽ ፊት ቆመው ለየቅል የሚያለቅሱት።

ደግሞ ቤተ መንግሥት አያስፈልግም። ይህንን በጣም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም «አሮጌ ቦታ» ሲባል ሁላችንም ዓምድና ግንብ ነው የሚታየን። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት የአረብ ገጣሚዎች ግንብ አልነበራቸውም። ዘላኖች ናቸው፤ ድንኳን ይተክላሉ፣ ይነቅላሉ። ታላቁ ገጣሚ ኢምሩል ቀይስ የታወቀውን ግጥሙን የሚጀምረው ሁለት ባልንጀሮቹን «ቁሙ፣ እናልቅስ» ብሎ ነው። የት ነው የሚያለቅሱት? የሚወዳት ሴት ወገኖች ሰፍረውበት የነበረ፣ አሁን ግን ባዶ የቀረ አሸዋ ላይ። በዚያ ዘመን ግጥሞች ውስጥ እንዲህ ባለ ቦታ የሚገኘው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ዝናብ እንዳይገባ በድንኳኑ ዙሪያ የተቆፈረች ትንሽ ቦይ፣ ጥቀርሻ የለበሱ ሦስት ጉልቻዎች፣ አሸዋ ያለበሰው የካስማ ቦታ። ሦስት ጉልቻ ብቻ! ከሦስት ጉልቻ ተነስተው የአረብኛ ግጥም ለዘመናት የቆመበትን አጀማመር ሠሩ።

በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። ባግዳድ ከተማ ውስጥ የሚኖሩ፣ ድንኳን ውስጥ አድረው የማያውቁ ገጣሚዎች ሁሉ ግጥማቸውን በባዶ ሰፈር ለቅሶ መጀመር ቀጠሉ። አቡ ኑዋስ የተባለው ገጣሚ ተሳለቀባቸው። እውነቱን ነው። ያልቆሙበት ቦታ ላይ ማልቀስ ያስታውቃል። ዛሬም ያስታውቃል፤ አሮጌ በር ፎቶ አንስቶ ሥሩ ላይ «ስንት ነገር ያየ በር» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ምን አየ? እሱን ንገረኝ። የማን እጅ ነው መቆለፊያው አጠገብ ቀለሙን የላጠው?

ከዚህ ጋር የምወደው አንድ ሌላ ታሪክ አለ፤ ትንሽ ልቆይበት።

በ757 ቻይናዊው ገጣሚ ዱ ፉ በአማፂያን እጅ በወደቀችው በዋና ከተማዋ ቻንግአን ውስጥ ነበር። አገሩ ፈርሷል። እሱ ግን ስለ ፈረሰው ግንብ አልጻፈም። አገር ፈረሰ፣ ተራራውና ወንዙ ግን አለ፤ ጸደይ ሲመጣም ከተማዋ ውስጥ ሣሩ በቀለ አለ። ያ ሣር ያንገበግባል። ሰው የሌለበት መንገድ ላይ ካልሆነ ሣር የት ይበቅላል?

ከ900 ዓመታት በላይ አለፈ። በ1689 ጃፓናዊው ገጣሚ ባሾ በእግሩ ወደ ሰሜን እየተጓዘ ሂራይዙሚ ደረሰ። ሂራይዙሚ ለመቶ ዓመት ያህል የፉጂዋራ መሳፍንት ደምቀው የኖሩባት፣ በ1189 ደግሞ በጦርነት የጠፉባት ቦታ ናት። ልክ 500 ዓመት። ባሾ ኮረብታው ላይ ወጣ። ጦረኞቹ የወደቁበትን ሜዳ አየ። የዱ ፉ ግጥም ትዝ አለው። ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ አደረገና ተቀመጠ፤ ጊዜውን እስኪረሳ አለቀሰ። ከዚያ 17 ድምፅ ብቻ ያላት ግጥም ጻፈ። ስለ ምን? ስለ በጋ ሣር።

አያችሁ ሰንሰለቱን? አንዱ የፈረሰ ከተማ ውስጥ ቆሞ ሣር አየ። ሌላው በሌላ አገር፣ በሌላ ዘመን፣ ሌላ ፍርስራሽ ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን ሰው ሣር አየ። አሁን ደግሞ እናንተ። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትሄዱ ከተሰነጠቀ አስፋልት መሀል ሣር ወጥቶ ብታዩ ሁለቱም እዚያ አሉ። ቦታ ጥበብን ይወልዳል ብቻ አይደለም፤ የተወለደውም ተመልሶ ቦታን ያሳያል።

ወደ ሠዓሊዎች ልለፍ፤ እዚህ አንዳንድ ሠዓሊዎችን ስላየሁ።

በ64 ዓ.ም. ሮም ከተቃጠለች በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮ መሀል ከተማ ላይ እጅግ የተንጣለለ ቤት ሠራ። ወርቃማው ቤት ይሉታል። ሲሞት የተከተሉት ነገሥታት ሊያዩት አልፈለጉም፤ ክፍሎቹ በአፈር ተሞልተው ከእነሱ አንዱ የሆነው ትራያን በላያቸው መታጠቢያ ቤት ሠራባቸው። ተረሳ። በ1480ዎቹ አካባቢ መሬቱ ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ሠዓሊዎች ወሬውን ሰሙና በገመድ እየተንጠለጠሉ ወረዱ።

ይህችን ነገር በደንብ አስቧት። ክፍሉ በአፈር ስለተሞላ ወለሉ ላይ አይደለም የሚቆሙት፤ ኮርኒሱ ሥር ነው የሚሳቡት። ችቦ ይዘው፣ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ሥዕሉ አፍንጫቸው ሥር ነው። ያዩት ከ1,400 ዓመት በፊት የተሳለ ነገር ነው፤ ከአበባ ግንድ የሚወጣ ሰው፣ ጭራው ቅጠል የሆነ አውሬ፣ በክር የተንጠለጠለች የምትመስል ትንሽ ቤት። የአንዳንዶቹ ስም እስከ ዛሬ እዚያው ግድግዳ ላይ ተጭሮ ይታያል። መሬት ውስጥ ስለነበረ ዋሻ መሰላቸው፤ በጣልያንኛ ዋሻ «ግሮታ» ነው። «ግሮቴስክ» የሚባለው የአሣሣል ስልት ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ታላቁ ሠዓሊ ራፋኤልም ወርዶ አየ፤ በኋላም እሱና ተማሪዎቹ በቫቲካን ቤተ መንግሥት ውስጥ ያንን ስልት ተጠቅመው አንድ ረጅም ሰገነት አስጌጡ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከሥዕሉ ይልቅ ያው ራፋኤል በ1519 አካባቢ ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ለሊዮ 10ኛ ያዘጋጀው ደብዳቤ ነው። የሮም ፍርስራሾች እንዲጠበቁ ይለምናል። የጥንቱ እብነ በረድ ሐውልትና ዓምድ እየተሰባበረ እሳት ውስጥ ይገባና ኖራ ይሆናል፤ አዲሱ ሕንፃ የሚገነባው በዚያ ኖራ ነው ይላል። አንጀት የሚበላ ደብዳቤ ነው። ጎበዝ ሠዓሊ ነበር፤ የሚፈልገውን ወስዶ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም።

ዓይን ላይ ብቻ ከቆምን ግን ግማሹን እናጣዋለን። አሮጌ ቦታ ድምፅ አለው።

ኢስታንቡል ያለችው ሀጊያ ሶፊያ ከ532 እስከ 537 ባሉት አምስት ዓመታት ነው በቤተ ክርስቲያንነት የተሠራችው። ውስጧ አንድ ድምፅ ብታሰሙ እስኪጠፋ 11 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ጥሩ የሚባል የሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰከንድ አካባቢ ነው። ስለዚህ እዚያ ቃል አያልቅም። አንዱን ቃል ስትዘምሩት ያለፈው ገና ጉልላቱ ሥር እየዞረ ነው። ቶሎ ቶሎ ብትሉት ይደበላለቃል፤ ዝግ ብላችሁ ካስረዘማችሁት ግን የራሳችሁ ድምፅ ተመልሶ ያጅባችኋል። ለዚያ ቤት የተሠሩት ዜማዎች ረጃጅም የሆኑት ያለ ነገር አይመስለኝም፤ ሕንፃው ራሱ አብሮ ይዘምራል።

እዚያ ውስጥ መዘምራን ይዞ ገብቶ መቅዳት አይፈቀድም ነበር። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ምን አደረጉ? ፊኛ አፈነዱ። አዎ፣ ፊኛ። ማይክ አድርገው ፊኛዎች አፈንድተው ሕንፃው ያንን ድምፅ እንዴት አድርጎ እንደሚመልሰው ቀዱ። ከዚያ የሕንፃውን አመላለስ በኮምፒውተር አውጥተው ካፔላ ሮማና የተባለው የመዘምራን ቡድን በሌላ አገር፣ በሌላ አዳራሽ እየዘመረ ድምፁ ሀጊያ ሶፊያ ውስጥ እንዳለ እንዲሰማ አደረጉ። በ2019 በአልበም ወጣ። የፊዮሬሊን ጄሶ አስታወሳችሁ? ይኸኛው የባዶ ቦታ ቅጂ በድምፅ ነው።

አሁን ደስ የማይል ነገር ልናገር ነው፤ ሳልናገረው ባልፍ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

አሮጌ ቦታን መውደድ አንዳንዴ ጭካኔ አለበት። በ1770 ዊልያም ጊልፒን የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ዌልስ ውስጥ ያለውን የቲንተርንን ገዳም ፍርስራሽ ሊያይ ሄደ። በ1131 የተመሠረተ፣ በ1536 የተዘጋ፣ ጣሪያው የተገፈፈ ገዳም ነው። ጊልፒን ቦታዎችን እንደ ሥዕል ማየት የሚያስተምር ሰው ነበር። ወደደው፤ ግን የግድግዳው ጫፎች በጣም የተስተካከሉ ናቸውና ዓይን ያውካሉ፤ መዶሻ ይዞ አስቦ ጥቂት ቢሸርፋቸው ይሻል ነበር ብሎ ጻፈ። የፈረሰው አልበቃውም፤ ይበልጥ እንዲያምር ይበልጥ ይፍረስ አለ።

ያው ሰው ግን ሌላም ነገር ጻፈ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ፍርስራሹ ውስጥ ድሆች ይኖሩ ነበር። መራመድ እንኳ የሚያቅታት አንዲት ሴት የመነኮሳቱን ቤተ መጻሕፍት ላሳያችሁ ብላ መራቻቸው። የመራቻቸው ግን ወደ ራሷ ቤት ነበር። በሁለት የፈረሱ ግድግዳዎች መሀል ያለ ጎድጓዳ ክፍል ነው። ወለሉ እርጥብ አፈር ነው፤ ሲረግጡት ይሰረጉዳል። ከአንድ አልጋና ከጥቂት ጨርቅ በቀር ዕቃ የለም። አልጋው መሀል ላይ ነው የተጎተተው፤ ከግድግዳው የሚንጠባጠበው እርጥበት እንዳይደርስበት።

ቲንተርንን ብዙ ሰው ስሎታል፤ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነርም በወጣትነቱ ሄዶ ስሎታል። ግንቡና ሐረጉ በእውነት ያምራል። እኔ ግን ያ መሀል ላይ የተጎተተ አልጋ አይወጣልኝም። ባዶ ቦታ ስንፈልግ ባዶ ያልሆነውን እንዳንዘል እፈራለሁ። አሮጌ የምንለው ሰፈር ውስጥ ዛሬም ሰው ይኖራል፤ ጣሪያው ያፈሳል፤ እኛ ደግሞ የጣሪያውን ዝገት ቀለም እናደንቃለን። ማድነቁ ይቅር አልልም። ግን አልጋውም ሥዕሉ ውስጥ ይግባ።

ጥገና ላይም ሐሳብ አለኝ፤ ባጭሩ። በ1855 ሪቻርድ ዲኪን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የሮም ኮሎሲየም ላይ የበቀሉትን ዕፅዋት ቆጠረና 420 ዓይነት አገኘ። አንድ ሕንፃ ላይ 420! ከ1870 በኋላ አጸዱት። ሥር ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ ያጸዱትም ሰዎች በቂ ምክንያት ነበራቸው። ግን ከሥሩ ጋር አንድ ነገር አብሮ ተነቀለ፤ ሲቀዘቅዝ ጥላ ሥር የሚበቅለው፣ ሲሞቅ ፀሐይ ጎን የሚወጣው ሁሉ ሕንፃው በጊዜ ውስጥ እየኖረ እንደሆነ ይናገር ነበር። እንዳይወድቅ ያዙት፤ ደግፉት፤ ውሃውን አስወጡለት። አዲስ እንዲመስል ግን አትቀቡት። ጎደሎውን ስትደፍኑት እኛ የምንገባበት በር ነው የሚዘጋው።

ደግሞ ጎድሎ እንዲቆይ አውቀው የተዉትም አሉ። ኮቨንትሪ የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ካቴድራል በኖቬምበር 14 ቀን 1940 ሌሊት በጀርመን የአውሮፕላን ድብደባ ተቃጠለ። ጣሪያው ወደቀ፤ የውጪው ግድግዳና የደወሉ ማማ ቀሩ። ከጣሪያው የወደቁ ሁለት የተቃጠሉ ወጋግራዎች መስቀለኛ ሆነው ተገኙና በዚያው አሰሯቸው። በኋላ አርክቴክቱ ባሲል ስፔንስ አዲሱን ሲነድፍ አሮጌውን አላፈረሰም፣ አልጠገነምም፤ ጣሪያ የሌለውን እንዳለ ትቶ አዲሱን ከጎኑ አቆመ። በአዲሱ ውስጥ ስትቆሙ አንደኛው ጫፍ ትልቅ መስታወት ነው፤ በእሱ በኩል ፍርስራሹ ይታያችኋል።

ለምርቃቱ እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪተን ትልቅ የመዘምራንና የኦርኬስትራ ሥራ እንዲሠራ ተጠየቀ። በሜይ 30 ቀን 1962 ቀረበ። ለሙታን የሚደረገውን የላቲን ጸሎት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከተገደለው ወጣት ገጣሚ ከዊልፍሬድ ኦወን ግጥሞች ጋር አዋሃደው። ሦስቱ ብቸኛ ዘማሪዎች ከሩሲያ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን እንዲሆኑ ነበር ያሰበው፤ በጦርነቱ ከተጎዱ አገሮች። ሩሲያዊቷን መንግሥቷ ከለከላት፤ በእሷ ቦታ እንግሊዝ አገር የምትኖር ዘማሪ ገባች። ጣሪያ የሌለው አሮጌው ቤት አጠገቡ ሳይኖር ያ ሥራ ያው ይሆን ነበር? አይመስለኝም።

ከእናንተ መሀል የምትጽፉ፣ የምትስሉ፣ የምታቀነቅኑ አላችሁ፤ አንድ ከራሴ የሆነ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። አንድ ጊዜ ሊፈርስ የታሰበ ቤት ውስጥ ገባሁ። ሰዎቹ ለቅቀዋል። ሞባይሌን አውጥቼ ሁሉን ማንሳት ጀመርኩ፤ በሩን፣ መስኮቱን፣ የተሰነጠቀውን ወለል። ከዚያ ባትሪው አለቀ። የማደርገው ስላጣሁ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከፊት ለፊቴ ያለው ግድግዳ በጭስና በአቧራ ጠቁሯል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ንጹሕ አራት ማዕዘን አለ። ፎቶ ወይ ሥዕል ተሰቅሎበት የነበረ ቦታ ነው። ሚስማሩ አልተነቀለም። ስፋቱን በስንዝር ለካሁት፤ ሁለት ስንዝር ከትንሽ። ከፍታው እኔ ስቆም ከዓይኔ በጣም ዝቅ ይላል። ለምን እንዲህ ዝቅ አድርገው ሰቀሉት? ተቀምጦ የሚያየው ሰው ነበረ? አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ? ልጅ? ያን ቀን ማታ ስጽፍ አደርኩ። ያነሳኋቸው ፎቶዎች እስከ ዛሬ አሉ፤ አንዱንም አልተጠቀምኩበትም።

ስለዚህ ስትሄዱ ቁጭ በሉ። እጅ የት ያርፍ እንደነበር ፈልጉ። ማን እንደነበረ ሳይሆን ምን ያህል ቁመት እንደነበረው ጠይቁ። ሲከለከል አትንኩ፤ ሲፈቀድ ግን ንኩ።

አርጀንቲና ውስጥ በፓታጎኒያ ምድር፣ የፒንቱራስ ወንዝ ሸለቆ ላይ «የእጆች ዋሻ» የሚባል አለ። ድንጋዩ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሰው እጆች አሉ፤ ከ9,000 ዓመት በላይ የሆናቸውም አሉባቸው። አብዛኞቹ በቀለም የተሳሉ እጆች አይደሉም። ሰውየው መዳፉን ድንጋዩ ላይ ይለጥፋል፤ በሌላው እጁ ባዶ አጥንት ይይዛል፤ ቀለሙን በአጥንቱ ውስጥ እፍ ይላል። ቀለሙ በጣቶቹ ዙሪያ ሁሉ ይረጫል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ግራ እጆች የሆኑት፤ ቀኙ አጥንቱን ይዟል። ከዚያ እጁን ያነሳል። መዳፉ የነበረበት ቦታ ላይ ምንም ቀለም የለም።

አመሰግናለሁ።